ሰማያዊው ሽርጥ

ሳባህ አል-ሳሌም ውስጥ ከምናጸዳቸው ቤቶች ግድግዳው ባዶ የሆነ ብዙ የለም። የቁርኣን አንቀጽ በወርቅ ቀለም የተጻፈበት አለ፤ የድሮ የባሕር ጀልባ አለ፤ ፈረስ አለ። አንዳንዱ ሳሎን ደግሞ ወርቃማ ፍሬም የገባ የፈረንጅ ሥዕል ኮፒ ይሰቀልበታል። አቧራውን የምንጠርገው እኛ ነን። ቆም ብሎ ስለማየት ሲነሳ ግን ዓርብ ዓርብ ስንገናኝ የምሰማው መልስ አንድ ነው፦ «እሱ የተማረ ሰው ነገር ነው፤ እኔ ምኑ ይገባኛል?»

እኔ በዚህ አልስማማም። የአውሮፓን ሥዕል ታሪክ ለመረዳት ከሚያስፈልገው እውቀት ግማሹን ከአገር ቤት ይዘነው መጥተናል። የቀረውን ግማሽ ኩሽና ውስጥ ተምረነዋል። ስለ ሥዕል የሚያስተምሩ መጻሕፍት ይህን አይነግሩንም። ገና ስትገልጧቸው የዘመን ስም ይደረድራሉ፤ ሬኔሳንስ፣ ባሮክ፣ ሮማንቲክ እያሉ ይሄዳሉ። እነዚህ ስሞች እንደዚህ አገር ቂጥዓና ጃዳ ናቸው። ቤቱን ለማግኘት ይጠቅማሉ፤ ቤቱ ውስጥ ማን እንዳለ ግን አይናገሩም። ስለዚህ ለጊዜው እንተዋቸውና ከምናውቀው እንነሳ።

አገር ቤት ያደገች ሁሉ ይህችን ሥዕል ታውቃታለች፤ ቤተ ክርስቲያን ገብታ የማታውቅ እንኳ በጎረቤት ግድግዳ ላይ አይታታለች። እመቤታችን ሰማያዊ መጎናጸፊያ ለብሳ ልጇን በግራ ክንዷ ታቅፋለች። እጆቿ ከፊት ተደራርበዋል፤ የቀኝ እጇ ሁለት ጣቶች ወደ ታች ተዘርግተዋል፤ በግራ እጇ ትንሽ መሐረብ ይዛለች። ልጁ መጽሐፍ ይዞ ወደ እናቱ ቀና ብሏል። ስንቶቻችን ነን ይህን አቀማመጥ የኛ ብቻ አድርገን የምናስበው? መነሻው ሮም ነው። ሳንታ ማሪያ ማጆሬ በምትባለው ትልቅ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያለች ጥንታዊት ሥዕል ናት፤ ሉቃስ ወንጌላዊ ሣላት የሚል ትውፊትም አላት። (በ2025 ያረፉት ፖፕ ፍራንሲስ የተቀበሩት እዚያው ነው። ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ኢቃማችንም በዚያው ስለሆነ አይከብደንም።)

በ1569 ኢየሱሳውያን የሚባሉት የካቶሊክ መነኮሳት ይህችን ሥዕል ለማስገልበጥ ከጳጳሱ ፈቃድ አገኙ። ግልባጮቿ ወደ ህንድ፣ ወደ ቻይና፣ ወደ ኛም አገር ተጓዙ። መነኮሳቱ የመጡት የአገሩን ሃይማኖት ለመለወጥ ነበር። አጼ ሱስንዮስን አሳመኑ፤ አገሩ ተናወጠ፤ ብዙ ደም ፈሰሰ። በ1632 ሱስንዮስ ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲል ለቀቀ፣ ፋሲልም ኢየሱሳውያኑን ከአገር አስወጣ። ሥዕሏን ግን ማንም አላስወጣትም። የጎንደር ሠዓሊዎች ጣቶቹንም መሐረቡንም እንዳሉ ጠበቁ፤ ዓይኗን አተለቁ፤ ጥላውን አጠፉ፤ ግራና ቀኝ ሚካኤልንና ገብርኤልን ሰይፍ አስይዘው አቆሙላት። ሮማዊቷን ተቀብለው አማርኛ አስተማሯት ማለት ይቻላል።

ከዚያም በፊት ቢሆን መንገዱ ክፍት ነበር። በ1480 ገደማ ኒኮሎ ብራንካሌዮን የሚባል የቬኒስ ሠዓሊ ኢትዮጵያ ገባ፤ መርቆሬዎስ ተባለ፤ ዕድሜውን እዚያው ለነገሥታቱ እየሣለ ጨረሰ። ስለ እሱ የሚተረክ ነገር አለ። እመቤታችንን ልጇን በግራ ክንዷ አሳቅፎ ሲሥላት ሕዝቡ «እንዴት በግራ!» ብሎ ተቆጣ፤ ሥዕሉ ይጥፋ አለ። ንጉሡ ስለወደደው ነው የተረፈው ይላሉ። ነገሩ እኛን አያስገርመንም። አገር ቤትም ሆነ እዚህ ለሰው በግራ እጅ ምግብ ማቀበል ምን እንደሚያስከትል እናውቃለን። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ያቺ የሮሟ ሥዕል ስትመጣ ግን ግራ ክንዷን ማንም አልከሰሰውም። ዓይን ይለምዳል።

ሌላም ልጨምር። በ1590 እና 1591 ሮም ውስጥ የሜዲቺ ማተሚያ ቤት ወንጌልን በአረብኛ አተመ። ሥዕሎቹን የነደፈው አንቶኒዮ ቴምፔስታ የሚባል ጣሊያናዊ ነው። ያ መጽሐፍ ኢትዮጵያ ደረሰ፤ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የኛ ሠዓሊዎች ሥዕሎቹን እያዩ በብራና ወንጌሎቻቸው ላይ በራሳቸው መንገድ አሰፈሯቸው። ጣሊያናዊ ሥዕል በአረብኛ መጽሐፍ ታዝሎ ጎንደር ገባ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ንጹሕ የኛ፣ ንጹሕ የነሱ የሚባል መስመር ማስመር ለኔ ይከብደኛል።

ኵርዓተ ርእሱ የሚባለውንስ ማን ረሳው? የእሾህ አክሊል የደፋ የክርስቶስ ፊት ነው፤ አውሮፓዊ እጅ የሣለው። ነገሥታቱ ይዘውት ይዘምቱ ነበር፤ መሳፍንቱ በፊቱ ይምሉ ነበር። በ1744 ከስናር ጋር በተደረገው ጦርነት ተማርኮ በኋላ በገንዘብ ተመለሰ። በ1868 መቅደላ ስትወድቅ ከብሪቲሽ ሙዚየም የመጣው ሪቻርድ ሆምስ አንስቶ ወሰደው። ለሙዚየሙ እንኳ አላስረከበውም፤ የራሱ አደረገው። በ1917 ለንደን ላይ በጨረታ ተሸጠ፤ ኋላ ፖርቱጋል ገብቶ በግለሰብ እጅ ተቀመጠ። ፈረንጅ ስለሣለው የፈረንጅ ነው የምትል ካለች ሦስት መቶ ዓመት ማን በፊቱ እንዳለቀሰ ትጠይቅ።

እንግዲህ ከቤት ይዘነው የመጣነው ይህ ነው፤ ሥዕልን ማንበብ እናውቃለን። በኛ ሥዕል ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት ያየናል፤ ክፉ ሰው በጎን ይሣላል፣ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ትልቅ የተሣለው ትልቅ ሰው ነው። ጥላ የለም፤ ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ ማንም አይጠይቅም። አውሮፓውያኑ ከ15ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የሄዱበት መንገድ ከዚህ ይለያል። የኛ ሠዓሊ «ይህ ማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። የነሱ «በዚህ ሰዓት ከዚህ ቦታ ሆኜ ሳየው ምን ይመስላል?» ይላል። ሁለቱም ጥያቄ የሚከበር ነው። ልዩነቱን ከያዝን በኋላ ግን ብዙ ነገር በራሱ ይገለጣል።

ሙስሊም እህቶቻችን «ይሄ ሁሉ የቤተ ክርስቲያን ነገር ነው፣ እኛን ምን አገባን?» ቢሉ አልፈርድባቸውም። አንድ ነገር ግን እዩልኝ። ጄንቲሌ ዳ ፋብሪያኖ በ1423 የሣለው «የሰብአ ሰገል ስግደት» ፍሎረንስ ውስጥ አለ። በማርያም ራስ ዙሪያ ያለውን የወርቅ ክብ አቅርባችሁ ስታዩት የአረብኛ ጽሕፈት የመሰለ ነገር ተቀርጾበታል። ፊደሉ አይነበብም፤ ሠዓሊው አረብኛ አያውቅም ነበር። ግን በዚያ ዘመን ከምሥራቅ የሚመጣው ሐርና ናስ ላይ ያየው ጽሕፈት ከሁሉ የከበረ ጌጥ መስሎት የእናቲቱን ራስ አከበረበት። ጃብሪያ ያለውን የታሪቅ ራጀብ ሙዚየም የረገጠች ሰው የአረብኛ የእጅ ጽሕፈት እንዴት ያለ ውበት እንዳለው ታውቃለች፤ ጣሊያናዊውም ያንኑ ነው ያየው።

አሁን ወደ ሰማያዊው ቀለም። በአውሮፓ ሥዕል የማርያም መጎናጸፊያ ሰማያዊ የሆነው በአጋጣሚ ብቻ አልነበረም። ምርጡ ሰማያዊ ቀለም ላፒስ ከሚባል ድንጋይ ተፈጭቶ ይወጣል፤ ድንጋዩ የሚገኘው ከአፍጋኒስታን ተራሮች ነው። በግመልና በመርከብ ብዙ አገር አልፎ ነው ሠዓሊው ጋ የሚደርሰው፤ ዋጋውም ከወርቅ አይተናነስም ነበር። ስለዚህ ለተራ ሰው ልብስ አያባክኑትም፤ ለእመቤታችን ያስቀምጡታል።

በ16ኛው ክፍለ ዘመን ግን አውሮፓ በሃይማኖት ተከፈለ። በ1566 በሆላንድና በአካባቢው ሕዝቡ ቤተ ክርስቲያን እየገባ ሥዕልና ሐውልት ሰበረ። ፕሮቴስታንቶቹ በያዙት ቦታ ግድግዳው ነጭ ኖራ ተቀባ። ሠዓሊው እንጀራው ተቋረጠ። የት ይሂድ? ወደ ነጋዴው ቤት ሄደ። ነጋዴው ደግሞ ግድግዳው ላይ ማየት የፈለገው የራሱን ኑሮ ነው፤ ሳሎኑን፣ ማዕዱን፣ መርከቡን፣ ኩሽናውን። በዚህ መንገድ እኛ ወደ ሥዕል ገባን። እኛ ስል ሠራተኞቹን ማለቴ ነው።

አገባባችን ግን አላማረም። ኒኮላስ ማስ የሚባል የሆላንድ ሠዓሊ በ1655 የሣለው ለንደን ናሽናል ጋለሪ ውስጥ ያለ ሥዕል አለ፤ «ሰነፏ ሠራተኛ» ይሉታል። ሠራተኛዋ ጉንጯን በእጇ ደግፋ እንቅልፍ ወስዷታል። እግሯ ሥር ሳህኑና ድስቱ ወለሉ ላይ ተከምሯል። ከኋላዋ ድመት የተነጨ ዶሮ እየሰረቀች ነው። ወደ ውስጥ ባለው ክፍል እንግዶች ማዕድ ላይ ተቀምጠዋል። እመቤቲቱ መሃል ቆማ፣ እጇን ወደተኛችው ዘርግታ፣ እኛን እያየች ፈገግ ትላለች። «እስቲ እዩልኝ የኔን ጉድ!» የምትል ትመስላለች።

የእጅ ሥራው ጎበዝ ነው፤ ድመቷም ታስቃለች። እኔ ግን ይህን ሥዕል አልወደውም፤ ምክንያቴንም ልናገር። ሠዓሊው የምንቆምበትን ቦታ አስቀድሞ መርጦልናል። እመቤቲቱ ለኛ ነው የምትጠቅሰው፤ ከእሷ ጋር ሆነን እንድንስቅ ነው የተጋበዝነው። ልጅቷ ስንት ሰዓት ተነሳች? ትናንት እንግዶቹ ስንት ሰዓት ሄዱ? ሥዕሉ ውስጥ ይህን የሚጠይቅ ሰው የለም። በዚያ ዘመን የተሣሉ ሠራተኞች አብዛኞቹ እንዲህ ናቸው፤ ወይ ይተኛሉ፣ ወይ በር ላይ ከወንድ ጋር ያወራሉ፣ ወይ ይሰርቃሉ።

ዴልፍት የምትባለው ከተማ ውስጥ ዮሐንስ ቬርሜር የሚባል ሰው በ1658 እና በ1660 መካከል ባለው ጊዜ ያንኑ ርዕስ ወሰደ፤ ሠራተኛ በኩሽና ውስጥ። ሥዕሉ ዛሬ አምስተርዳም ራይክስ ሙዚየም ነው ያለው። ትልቅ እንዳይመስላችሁ፤ ቁመቱ 45 ሳንቲ ሜትር ተኩል፣ ወርዱ 41 ነው፤ ከሻይ ትሪ ብዙም አይበልጥም። አንዲት ወፍራም፣ ጠንካራ ሴት መስኮት አጠገብ ቆማ ከማሰሮ ወተት ወደ ሸክላ ሳህን ትቀዳለች። ጠረጴዛው ላይ ዳቦ አለ። በቃ፤ ሌላ ምንም የለም። እመቤት የለችም፤ ድመት የለችም፤ የሚስቅ የለም።

ሥዕሉን ለአንዲት ጓደኛዬ ሳሳያት መጀመሪያ ያለችኝ «ለምን አታየንም?» ነው። ጥያቄዋ ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ የመጣ ነው፤ የኛ ቅዱሳን ሁሉ ያዩናል። ይህችኛዋ ዓይኗን ወደ ታች ጥላለች። መልሱ ግን ኩሽና ውስጥ ነው ያለው። ወተት ስትቀጂ ዓይንሽን ብታነሺ ምን እንደሚሆን ታውቂያለሽ። እሷ እኛን የምታይበት ጊዜ የላትም። ማስ እመቤቲቱን ወደኛ አዞረ፤ ቬርሜር ግን ሠራተኛዋ ለማንም እንዳትዞር ተዋት። ሳይጠሯት፣ ሳያዟት፣ ሳይታዘቧት አንድ ሥራ እስኪያልቅ የቆየችበት ጸጥታ ነው የሚታየው። ይህ ጸጥታ ምን ያህል ውድ እንደሆነ ለናንተ መንገር አያስፈልገኝም።

ምሁራን ስለዚህ ሥዕል ብዙ ጽፈዋል። ወለሉ ላይ ፍም የሚገባበት ትንሽ የእግር ማሞቂያ ሳጥን አለ፤ ከግድግዳው ግርጌ ያለው ሸክላ ላይ ደግሞ ኩፒድ የሚባለው የፍቅር አምላክ ተሥሏል። ሁለቱን አገናኝተው «ሴትየዋ ስለ ፍቅር እያሰበች ነው» የሚሉ አሉ። ሊሆን ይችላል፤ ሠራተኛም ታፈቅራለች። ለኔ ግን የእግር ማሞቂያው መጀመሪያ የሚነግረኝ ኩሽናው እንደሚበርድ ነው። ሌሎች ደግሞ ደርቆ የተቆራረሰውን ዳቦ አይተው በወተት የሚበስል የዳቦ ጣፋጭ እየሠራች ነው ይላሉ። ይሄኛው ይጥመኛል። እዚህ አገር ኡም ዓሊ የሠራች ሁሉ ይገባታል፤ ወተቱ ከበዛ ይላሽቃል፣ ካነሰ ይደርቃል። ለዚህ ነው ወተቱ በቀጭን የሚወርደው። ምንም ነገር አልደፋችም፣ የደረቀውንም ዳቦ አልጣለችም። ይህ እውቀት ነው፤ ሠዓሊውም እውቀት መሆኑን አይቷል።

አሁን ክንዷን አቅርባችሁ እዩ። እጅጌዋን ጠቅልላለች። ከእጇ አንጓ በታች ቆዳዋ ቀላና ጠቆር ብሏል፤ ከዚያ በላይ ያለው ነጣ ያለ ነው። ውሃና ፀሐይ የሚያገኘው የቱ እንደሆነ ሠዓሊው ያውቃል። ክሎሮክስ ውስጥ የገባ እጅ ያላት ሴት ይህን ለማየት የሥዕል ትምህርት ቤት አያስፈልጋትም። ከኋላዋ ያለው ግድግዳ ላይም ሚስማር አለ፣ ጥላውም ጭምር፤ ሚስማር የተነቀለባቸው ቀዳዳዎችም አሉ። በ2022 ሙዚየሙ ሥዕሉን በመሣሪያ ሲመረምር ቬርሜር መጀመሪያ ከኋላዋ ማሰሮ የሚሰቀልበት መደርደሪያ፣ ወለሉ ላይ ደግሞ የእሳት ቅርጫት ጀምሮ እንደነበር ታወቀ። ሸፈናቸው። ዕቃውን ቀነሰና ሴትየዋን ብቻዋን ተዋት።

ሽርጧን እዩት። ሰማያዊ ነው። እዚያ ላይ የዋለው ያው ከአፍጋኒስታን የሚመጣው ውዱ ቀለም ነው፤ ለማርያም መጎናጸፊያ ይቀመጥ የነበረው። በዚያ ሠፈር ርካሽ ሰማያዊ ሞልቶ ነበር፤ ለኩሽና ሽርጥ ያ ይበቃ ነበር። ቬርሜር ውዱን መረጠ። ለምን እንደመረጠ የጻፈው ነገር የለም፤ እኔ ግን ሮማዊቷን ማርያም በጎንደር ቀለም እያየሁ ያደግሁ ሰው ነኝና ሁለቱን ሰማያዊ ሳላገናኝ ማለፍ አልችልም። ሁለቱም ሴቶች የቆሙት ለሌላ ሰው የሚሆን ነገር በእጃቸው ይዘው ነው።

ሌላዋ ጓደኛችን በዚህ አትስማማም። «ሥራን እንዲህ አሳምሮ መሣል ማሞኛ ነው» ትላለች። «ደሞዟ ስንት ነው? ማታ የት ነው የምትተኛው? ሥዕሉን የገዛው ሀብታም እኮ ጸጥ ያለች፣ የማትመልስ ሠራተኛ ማየት ስለሚወድ ነው የገዛው።» ይህ ከባድ ክርክር ነው፤ በቀላሉ የሚጣል አይደለም። በ1696 አምስተርዳም ላይ 21 የቬርሜር ሥዕሎች በጨረታ ሲሸጡ ይህ 175 ጊልደር አወጣ፤ ከእሱ የበለጠው አንድ ብቻ ነው። ከገንዘቡ ለሴትየዋ የደረሳት ነገር የለም፤ ስሟንም የጻፈልን የለም። እውነቱን ለመናገር ለሠዓሊውም አልሆነለትም። በ1675 ሲሞት 11 ልጆችና ዕዳ ነው የተወው፤ ሚስቱ ከ600 ጊልደር በላይ የዳቦ ዕዳ ስለነበረባት ለዳቦ ጋጋሪው ሁለት ሥዕል አስረከበች። ያን የመሰለ ዳቦ የሣለ ሰው በዳቦ ዕዳ! ይሁንና የጓደኛዬ ክርክር ሥዕሉን ማን እንደገዛው ነው የሚናገረው፤ ሥዕሉ ውስጥ ያለውን አይነካም። ገዢው የፈለገው ጸጥ ያለች ሠራተኛ ከነበረ ያገኘው ሌላ ነው። ይህችን ሴት ጠርቶ ማዘዝ የሚደፍር ሰው ያለ አይመስለኝም።

ከሆላንድ ወጥተን ስፔን እንግባ። ዲዬጎ ቬላስኬዝ በ1617 ወይም 1618 ገደማ፣ ገና የ18 ወይም የ19 ዓመት ልጅ ሳለ ሴቪል ውስጥ የሣለው አንድ ሥዕል ዛሬ ደብሊን፣ አየርላንድ ብሔራዊ ጋለሪ ይገኛል። ጥቁር የሆነች ወጣት ሠራተኛ ጠረጴዛ ላይ ጎንበስ ብላ በእጇ ማሰሮ ይዛለች። ሙቀጫ አለ፣ የተደፋ ሳህን አለ፣ ነጭ ሽንኩርት አለ። ለብዙ ዘመን የኩሽና ሥዕል ብቻ ነው ተብሎ ይታመን ነበር። በ1933 ሥዕሉ ሲጸዳ ከላይ በግራ በኩል ተሸፍኖ የኖረ መስኮት ወጣ፤ በመስኮቱ ውስጥ ክርስቶስ ከደቀ መዛሙርቱ ጋር ማዕድ ላይ ተቀምጧል። ሉቃስ ምዕራፍ 24 ነው፤ ኤማሁስ። እንግዳ መስሏቸው አብረውት የሄዱት ሰዎች ዳቦውን ሲቆርስ ያወቁት ያን ማታ።

እዚህ ላይ ነው ከቤት ያመጣነው እውቀት የሚያስፈልገን። የኛ ሠዓሊ ቢሆን ክርስቶስን መሃል ላይ ትልቅ አድርጎ ያስቀምጠው ነበር። ቬላስኬዝ ከኋላ፣ ጥግ ላይ፣ ትንሽ አድርጎ አስቀመጠው፤ ከፊት ያለችው እሷ ናት። ወንጌሉ ስለ ሁለቱ ደቀ መዛሙርት ይናገራል፤ እራቱን ማን እንዳዘጋጀ ግን ቃል አልተነፈሰም። ያ ወጣት ሠዓሊ ጠየቀ፤ ኩሽና ውስጥ ማን ነበረ? ራሷን ዘንበል አድርጋለች፣ እጇ ማሰሮው ላይ ቆሟል። ከወዲያኛው ክፍል የሰማችው ድምፅ አለ። ደቀ መዛሙርቱ በዓይናቸው ሳያውቁት እሷ በጆሮዋ ያወቀችው ይመስላል። ሳሎን ውስጥ የሚወራው ሁሉ ኩሽና እንደሚሰማ የቤቱ ሰዎች ይረሱታል። በሴቪል በዚያ ዘመን እንደ እሷ ያሉ ጥቁር ሴቶች ብዙዎቹ ተሽጠው የተገዙ ባሪያዎች ነበሩ፤ ይህን ይዛችሁ መልሳችሁ እዩዋት።

እንግሊዛዊው ዊሊያም ሆጋርት በ1750ዎቹ መጀመሪያ ገደማ ቤቱ የሚሠሩ ስድስት ሰዎችን በአንድ ሸራ ላይ ሣለ፤ ለንደን ቴት ጋለሪ አለ። ስድስት ፊት ብቻ ነው። ትሪ የያዘ የለም፤ የሚያጎነብስ የለም። ብዙም አላወራበትም፤ ስልካችሁ ላይ ፈልጋችሁ እዩት፣ ከሚያውቁት ሰው ፊት ለፊት የተቀመጡ ሰዎች ናቸው።

የመጨረሻዋ ፓሪስ ሉቭር ውስጥ ናት። የሣለቻት ሴት ናት፤ ማሪ ጊየሚን ብኗ፣ በ1800። ጥቁር ሴት ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ ራሷን በነጭ ጨርቅ አስራለች፤ ጆሮዋ ላይ ወርቅ አለ፤ ከወንበሩ ላይ ሰማያዊ ሻሽ ወርዷል። ከጓዴሎፕ ደሴት የመጣች፣ በሠዓሊዋ ባል ወንድም ቤት የምትሠራ ሴት ነበረች። ፈረንሳይ በደሴቶቿ ባርነትን በ1794 ሽራ በ1802 መልሳዋለች፤ ሥዕሉ በመሃል ላይ ነው የተሣለው። ሲታይ የተሰጠው ርዕስ የቆዳ ቀለሟን ብቻ የሚጠራ ነበር፤ ስም አልነበረውም። ከሁለት መቶ ዓመት በላይ እንዲሁ ቆየ። በ2019 ፓሪስ ውስጥ ስለ ጥቁር ሞዴሎች በተዘጋጀ ኤግዚቢሽን ላይ ስሟ ተጻፈላት፤ ማድሌን።

ስለዚህ ሥዕል አንድ ቅሬታ አለኝ። ሠዓሊዋ የማድሌንን ደረት ገልጣዋለች። የቤቱን እመቤት እንዲህ አድርጋ አትሥላትም ነበር፤ ማድሌንም «አይሆንም» የማለት መብት እንዳላት ማን ጠየቃት? አንዳንድ ጸሐፊዎች የነጻነት ምልክት ነው ይላሉ። ነጻነት ከሆነ ለምን በሠራተኛዋ ገላ ላይ ብቻ ታየ? ይህን ካልኩ በኋላ ግን ፊቷ ላይ እቀራለሁ። እንደ ወተት ቀጂዋ ሥራዋ ላይ አላጎነበሰችም፤ እንደ አገር ቤት ቅዱሳን ቀጥ ብላ ታየናለች። ምን እያለች ነው? እኔ የታፈነ ቁጣ ነው የማየው። ያቺ «ለምን አታየንም?» ያለችኝ ጓደኛዬ ደግሞ ድካም ነው ትላለች፤ «አልቆልኛል፣ ሣይኝና ልሂድ» የምትል ትመስላለች ብላኛለች። ሦስት ዓርብ ተከራክረንበት አልተስማማንም።